ችክችካን በላፕቶፕ፦ የሚዲ ቅንብር ለጀማሪ

ይህን መመሪያ ኮምፒውተራችሁን ከፍታችሁ ደረጃ በደረጃ ከተከተላችሁት መጨረሻ ላይ የስምንት ባር ችክችካ ይኖራችኋል፦ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ቤዝ እና በትዝታ ቅኝት የሚሄድ አንድ የክራር ዜማ። ስምንት ባር ትንሽ ይመስላል። ግን ስምንት ባር ትከሻ የሚያስነቀንቅ አድርጎ መሥራት የቻለ ሰው ሙሉ ዘፈን ለማቀናበር የሚቀረው ትዕግሥት ብቻ ነው። ስምንቱን ሳያሳምር አራት ደቂቃ የሚያስረዝም ሰው ግን ጉድለቱን ነው የሚያባዛው።

ምሳሌውን የምሠራው ሪፐር በሚባል የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን ለማውረድ ብዙ ዳታ አይበላም፣ በደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፣ ለ60 ቀን ምንም ሳይቆለፍባችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ለግል ተጠቃሚ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ኩቤዝ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ኤብልተን ላይቭ ወይም ሎጂክ ያላችሁም አንብቡት፤ የሜኑው ስም ይለያይ እንጂ ሥራው ያው ነው። በስልክ ወይም በአይፓድ ጋራዥባንድ የምትሠሩም ከግማሽ በላይ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ፦ ሚዲ ድምፅ አይደለም

ይህን ሳይገባቸው የጀመሩ ሰዎች ወር ሙሉ ሲለፉ አያለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኪቦርድ ላይ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ በገመዱ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ድምፅ ሳይሆን መልእክት ነው፦ «60 ቁጥር ኖታ፣ በ95 ጉልበት ተመታ»። ጣታችሁን ስታነሱ «60 ቁጥር ተለቀቀ» የሚል ሌላ መልእክት ይከተላል። ነገሩ ይኸው ነው። የዶሮ ወጥ አሠራር በወረቀት ተጽፎ እንደሚላክ አስቡት፤ ጣዕሙን የሚወስነው ወረቀቱ የደረሰው ሰው ጓዳ ውስጥ ያለው በርበሬና ቅቤ ነው። የሚዲ ፋይላችሁን ለጓደኛችሁ ልካችሁ «ክራሩ የታለ? ፒያኖ ነው የሚሰማኝ» ቢላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ዜማው ደርሶታል፣ ክራሩ ግን እናንተ ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል።

ይህ መግባቢያ በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ነው። ከአባቶቹ መካከል አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ እና የሮላንድ ኩባንያ መሥራች ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ዋናዎቹ ሲሆኑ በ2013 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ለዚሁ ሥራቸው የቴክኒክ ግራሚ ተሸልመዋል። የሚገርመው በ1980ዎቹ የተሠራ ኪቦርድ ዛሬ ከተገዛ ላፕቶፕ ጋር አሁንም መግባባቱ ነው። ስለዚህ አሮጌ ኪቦርዳችሁን አትናቁት።

መያዝ ያለባችሁ ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ኖታዎች ከ0 እስከ 127 ይቆጠራሉ፤ የመሐሉ ዶ 60 ነው። የምት ጉልበት ወይም ቬሎሲቲ ከ1 እስከ 127 ነው። በአንድ መስመር 16 ቻናል አለ፤ በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው የጄኔራል ሚዲ ስምምነት መሠረት 10ኛው የድራም ነው። እኔ ከዚህ በኋላ ኖታዎችን በስም ሳይሆን በቁጥር የምጠራው ለምክንያት ነው፦ ያው 60 በሪፐር ከስሙ ፊደል (C) ቀጥሎ 4፣ በኩቤዝና በኤብልተን 3፣ በኤፍኤል ስቱዲዮ ደግሞ 5 ተጽፎበት ይታያል። በስም የተነጋገሩ ሁለት አቀናባሪዎች አንድ ኦክታቭ (12 ቁልፍ) ተራርቀው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ዕቃና ገመድ

ላፕቶፕ፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ እና ኪቦርድ በቂ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ያለው የያማሃ ፒኤስአር ዓይነት ኪቦርድ ጀርባው ላይ አራት ማዕዘን የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው የፕሪንተር ገመድ ይበቃዋል። ክብ ባለ አምስት ፒን ቀዳዳ ብቻ ካለው የዩኤስቢ ሚዲ ገመድ ግዙ። የኪቦርዱ «አውት» ወደ ገመዱ «ኢን» ነው የሚሄደው፤ ነገር ግን ርካሽ ገመዶች ላይ ጽሑፉ አንዳንዴ የሚሰካበትን ቀዳዳ ነው የሚያመለክተው። ካልሠራ ገልብጡት፣ ምንም አይቃጠልም።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ቁልፉ ቀስ ሲሉት ቀስ፣ ሲመቱት ጮክ ማለት አለበት። ይህ የሌለው ኪቦርድ ሁሉንም ኖታ በአንድ ጉልበት ነው የሚልከው፤ ያኔ ጉልበቱን በማውስ አንድ በአንድ ልትጽፉ ነው። ጭራሽ ኪቦርድ ከሌላችሁም አትቁሙ። ሪፐር ውስጥ «ኦልት» እና «ቢ» ስትጫኑ በኮምፒውተሩ ፊደላት የሚጫወቱት ኪቦርድ ይወጣል። ከታች ያለውን ሁሉ በማውስ ብቻም መጻፍ ይቻላል።

የድምፅ መዘግየትን ማስተካከል

ቁልፉን ተጭናችሁ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣ ምንም ብትለማመዱ በምት ላይ መጫወት አትችሉም። መዘግየቱን የሚወስነው «ባፈር» የሚባለው ቁጥር ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚቀዳበት ቅንብር ባፈሩ 1024 ከሆነ 23 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ 128 ከሆነ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ጆሮ የማያስተውለው ነው።

«ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ፕሪፈረንስስ»፣ ቀጥሎ «ኦዲዮ»፣ ቀጥሎ «ዲቫይስ» ግቡ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ «አሲዮ» የሚለውን ምረጡ፤ የድምፅ ካርድ ካልገዛችሁ «አሲዮ ፎር ኦል» የሚባለውን ነፃ ድራይቨር ጫኑ። ማክ ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም። ባፈሩን 128 አድርጉና ድምፁ የሚንጫጫ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ ወደ 256 ከፍ አድርጉት። ቀረጻው አልቆ ሚክስ ስታደርጉ (ድምፆቹን ስታመጣጥኑ) 1024 ብታደርጉት ላፕቶፑ ያርፋል።

እዚያው «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ የሚዲ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። የኪቦርዳችሁን ስም ፈልጉና ግብዓቱን ፍቀዱለት። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ችግሩ ገመዱ ወይም ድራይቨሩ ነው፤ ሪፐርን አትነካኩት።

ፕሮጀክቱን መክፈት

አዲስ ፕሮጀክት ከፍታችሁ ምንም ሳትሠሩ ሴቭ አድርጉት። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለምትኖሩ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ በ«ፕሮጀክት» ሥር በየተወሰነ ደቂቃ ራሱ ሴቭ የሚያደርግበት ምርጫ አለ፤ አምስት ደቂቃ ላይ አድርጉት።

ከዚያ «ኦልት» እና «ኢንተር»ን ተጫኑና የፕሮጀክቱን ምት 6/8 አድርጉ፤ ያኔ አንዱ ባር ስድስት እኩል ቤት ይኖረዋል። ችክችካን በ4/4 ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ግሪዱ (ባሩን የሚከፍሉት መስመሮች) ሁሌ ይዋጋዋል።

ፍጥነቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እግራችሁ ወለሉን የሚመታው በባር ሁለት ጊዜ ነው፦ በ1 እና በ4። ሪፐር የሚቆጥረው ደግሞ በሩብ ኖታ ነው፤ አንዱ የእግር ምት አንድ ሩብ ተኩል ነው። ስለዚህ እግራችሁ በደቂቃ 110 ጊዜ እንዲመታ ከፈለጋችሁ ፍጥነቱ ላይ የምትጽፉት 110 ሲባዛ በአንድ ተኩል፣ ማለትም 165 ነው። 110 ብቻ ብትጽፉ የሚወጣው ችክችካ ሳይሆን ለቅሶ ነው። ሌላ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ይህን ሂሳብ አንድ ባር አጫውታችሁ በጆሮ አረጋግጡት።

ከበሮውን ማዘጋጀት

በየፕለጊኑ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ላይ በሚጫኑ የድምፅ መሣሪያዎች ውስጥ፣ የእኛ ከበሮ ስለማይገኝ ብዙ ሰው በኮንጋ ይተካዋል። አያስፈልግም። ሰፊው ገጽና ጠባቡ ገጽ ያለው ተራ ከበሮ ፈልጉ፣ መጋረጃና ፍራሽ ባለበት ክፍል ውስጥ ስልካችሁን ከግማሽ ሜትር ርቀት አስቀምጡና አራት ምት ቅረጹ፦ ሰፊውን ገጽ ለስለስ እና ጠንከር፣ ጠባቡንም ለስለስ እና ጠንከር አድርጋችሁ። በእያንዳንዱ ምት መካከል ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ጠብቁ። ማጨብጨብም ቅረጹ፤ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ቢያጨበጭብ ይበልጣል።

ሪፐር ውስጥ «ኮንትሮል» እና «ቲ» ስትጫኑ አዲስ ትራክ ይከፈታል። ትራኩ ላይ «ኤፍኤክስ» የሚለውን ተጫኑና «ሪያሳምፕሎማቲክ» የሚባለውን ከሪፐር ጋር አብሮ የሚመጣ መሣሪያ ምረጡ። የሰፊውን ገጽ ጠንካራ ምት ወደ ውስጡ ጎትታችሁ ጣሉት። አጠቃቀሙን የኖታ ቁጥር ሳይለይ ናሙናውን (የቀረጻችሁትን ድምፅ) እንዳለ በሚያጫውተው ላይ አድርጉ፤ የኖታ መነሻና መድረሻውን ሁለቱንም 36 አድርጉ። የጉልበቱን ክልል ከ81 እስከ 127 ስጡት። ሁለተኛ ቅጂ ከፍታችሁ ለስላሳውን ምት በዚያው በ36 ላይ ከ1 እስከ 80 ባለው ክልል አስገቡት። አሁን ቀስ ስትሉ ለስላሳው፣ ስትመቱ ጠንካራው ይመጣል። ጠባቡን ገጽ እንዲሁ በ38፣ ጭብጨባውን በ39 አድርጉ። ቁጥሮቹን ከአየር አልወሰድኳቸውም፤ በጄኔራል ሚዲ 36 ቤዝ ድራም፣ 38 ስኔር፣ 39 ጭብጨባ ስለሆኑ ፋይላችሁ ሌላ ሰው ዘንድ ቢሄድ ቢያንስ ቦታው አይሳሳትም።

ከበሮ የማታገኙ ለጊዜው «ኤምቲ ፓወር ድራምኪት» የሚባለውን ነፃ ድራም ጫኑና ቀጥሉ፤ በኋላ ትቀይሩታላችሁ። ሚዲ የሚመቸው ለዚህ ነው።

ምቱን መጻፍ

«ኢንሰርት» ከሚለው ሜኑ አዲስ የሚዲ ክፍል አስገቡ፣ ርዝመቱን ሁለት ባር አድርጉ፣ ሁለት ጊዜ ስትነኩት መጻፊያው ይከፈታል። በግራ የፒያኖ ቁልፎች፣ በታች የጉልበት ዘንጎች ይታያሉ። ግሪዱን 1/8 አድርጉ። ባሩ በስድስት ቤት ይከፈላል፤ አጽሙ እንዲህ ነው፦

ቤት፦ 1 2 3 4 5 6
ሰፊው ገጽ፣ 36፦ ● – – ● – –
ጠባቡ ገጽ፣ 38፦ – – ● – – ●
ጭብጨባ፣ 39፦ ● – ● – ● –

ከበሮው ባሩን ለሁለት ሲከፍል ጭብጨባው ለሦስት ይከፍለዋል፤ የችክችካ መወዛወዝ የሚመጣው ከዚህ ግጭት ነው። አጨዋወቱ ከአገር አገር፣ ከእጅ እጅ ይለያያል፤ ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። መጀመሪያ ያለ ጭብጨባ አጫውቱት፣ ከዚያ ጨምሩት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል።

አሁን አጫውቱት። አስቀያሚ ነው አይደል? ሁሉም ምት በእኩል ጉልበት ስለሚወርድ ነው። ወደ ጉልበት ዘንጎቹ ውረዱና 36 በ1ኛው ቤት 112፣ በ4ኛው 96 ይሁን፤ 38 በ3ኛው 70፣ በ6ኛው 86 ይሁን። 6ኛው ከ3ኛው መጠንከሩ ወደሚቀጥለው ባር ይገፋችኋል። ጭብጨባው በ1 ላይ 60፣ በ3 እና በ5 ላይ 75 ገደማ ይሁን፤ በ1 ላይ ሰፊውን ገጽ መሸፈን የለበትም። ሁለተኛውን ባር ከመጀመሪያው ጥቂት ለዩት፣ ለምሳሌ በ5ኛው ቤት ላይ 45 ጉልበት ያላት ቀጭን የ38 ምት ጨምሩ። የማትሰማ ትመስላለች፤ ስታጠፏት ግን ምቱ ባዶ ይሆናል።

ምቱን ከግሪዱ ማላቀቅ

ስለ ሚዲ አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ የምነግራችሁ ይህን ክፍል ነው። በየሠርጉና በየዩቲዩቡ የምንሰማው «የኪቦርድ ሙዚቃ» ደረቅ የሚሆነው ድምፁ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሁሉም ምት ግሪዱ ላይ በሚስማር ስለተመታ ነው። ሰው ከበሮ ሲመታ 3ኛዋና 6ኛዋ ምት በልኩ ቤታቸው ላይ አያርፉም፤ ትንሽ ይጓተታሉ ወይም ትንሽ ይሽቀዳደማሉ፣ እያንዳንዱ መቺም የራሱ መጓተት አለው።

በእጃችሁ ተጫውታችሁ የቀረጻችሁ ከሆነ ኳንታይዝ ለማድረግ፣ ማለትም ኖታዎቹን ወደ ግሪዱ ለመሳብ፣ መጻፊያው ውስጥ «ኪው» ተጫኑ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ 100 በመቶ ብሎ የተጫወተውን ሁሉ ያጠፋል። ጥንካሬውን ከ50 እስከ 65 በመቶ አድርጉት፤ ስህተቱ ወደ ቤቱ ይጠጋል፣ የእጃችሁ ጠባይ ግን ይቀራል።

በማውስ የጻፋችሁ ከሆነ የግሪድ መሳቢያውን ማለትም ስናፑን አጥፉ፣ በቀኝ ማውስ እየጎተታችሁ የ38ን ረድፍ ኖታዎች በሙሉ ምረጡና ትንሽ ወደ ቀኝ ግፏቸው። ምን ያህል? ሪፐር አንዱን ሩብ ኖታ በ960 ቲክ ነው የሚከፍለው። በ165 ፍጥነት 20 ቲክ ወደ 8 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ከ10 ጀምራችሁ በ10 በ10 እየጨመራችሁ ስሙ። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ጭንቅላታችሁ ራሱ መነቅነቅ ይጀምራል፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ካለፋችሁት ከበሮው የሰከረ ይመስላል። የ36ን ምቶች አትንኩ፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ሲጓተት ነው መጓተቱ የሚሰማው።

«ሂውማናይዝ» የሚባለውን አስማት አልወደውም። ኖታዎችን በዘፈቀደ ወዲህና ወዲያ ይበትናል። ጥሩ ከበሮ መቺ ግን በዘፈቀደ አይመታም፤ 6ኛዋን ምት ካዘገየ በየባሩ ያዘገያታል። ሰው የሚያደርገው ነገር ልማድ ያለው ነው። ሂውማናይዝን ለጉልበት ብቻ፣ ያውም ከአምስት በመቶ ሳታሳልፉ ብትጠቀሙ ይበቃል።

ሁለቱ ባር ሲጥማችሁ አራት ጊዜ ቅዱት፤ ስምንት ባር ሆነ። 8ኛው ባር ላይ መሸጋገሪያ ምት ጨምሩ።

ቤዝ

አዲስ ትራክ፣ አዲስ መሣሪያ። «ሰርጅ ኤክስቲ» ወይም «ቫይታል» የሚባሉት ሲንተሳይዘሮች ነፃ ናቸው፣ የቤዝ ድምፅም አላቸው። ቅኝታችን ትዝታ ሜጀር በዶ ስለሆነ የቤዝ ኖታዎቹ 36፣ 38፣ 40፣ 43 እና 45 ብቻ ናቸው። በ1ኛው ቤት 36፣ በ4ኛው 43፣ በ6ኛው 45 ጻፉ። በየአራት ባሩ መጨረሻ 45ን በ40 ቀይሩት።

ቤዝን የሚያሳምረው ኖታው ሳይሆን የኖታው ርዝመት ነው። 1ኛዋን እስከ 2ኛው ቤት መጨረሻ ዘርጓትና ከ3ኛው በፊት ቁረጧት። ያ ዝምታ ለጠባቡ ገጽ ቦታ ይሰጠዋል። ሁለት የቤዝ ኖታ ተደራርቦ እንዳይቀር አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ ከታች የሚሰማ ጭቃ የሆነ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ክራሩና ቅኝቱ

ክራር ያለው ሰው ካገኛችሁ ሦስት ክር፣ ዝቅተኛውን፣ የመሐሉንና ከፍተኛውን ቅረጹ፤ ድምፁ እንዳይቆረጥ እያንዳንዱን እስኪሞት ተዉት። እንደገና ሪያሳምፕሎማቲክን ክፈቱ፣ አሁን ግን ናሙናውን በኖታው ልክ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው አጠቃቀም ላይ። የቀረጻችሁት ክር 60 ከሆነ መነሻ ኖታውን 57፣ በመነሻው ላይ ያለውን ፒች −3 አድርጉት፤ ያኔ 60ን ስትጫኑ ክሩ እንደተቀረጸው ይወጣል። ለእያንዳንዱ ክር የየራሱን የጉልበት ሳይሆን የኖታ ክልል ስጡት፣ ከተቀረጸበት ኖታ ከሦስት አራት ሴሚቶን (ቁልፍ) በላይ አታርቁት። አንዱን ናሙና አንድ ኦክታቭ ከፍ ካደረጋችሁት ክራሩ የአሻንጉሊት ይሆናል።

ዜማ ከመጻፋችሁ በፊት ቅኝቶቹን በቁጥር ያዙ፣ ሁሉም ከ60 ሲነሱ፦

ትዝታ ሜጀር፦ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69
ትዝታ ማይነር፦ 60፣ 62፣ 63፣ 67፣ 68
ባቲ ሜጀር፦ 60፣ 64፣ 65፣ 67፣ 71
አምባሰል፦ 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68
አንቺሆዬ፦ 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69

ለሙከራ ይህን ጻፉ። 1ኛ ባር፦ 72 በ1ኛው ቤት፣ 69 በ3ኛው፣ 67 በ4ኛው፣ 64 በ6ኛው። 2ኛ ባር፦ 67 ከ1ኛው እስከ 5ኛው። 3ኛ ባር፦ 69፣ 67፣ 64፣ 62 በእነዚያው ቤቶች። 4ኛ ባር፦ 60 ረዥም። ከ5 እስከ 8 ያለውን ራሳችሁ መልሱለት። ግን 65ን ወይም 71ን ካስገባችሁ ትዝታው ፈረሰ። ከውጭ የተማሩ አቀናባሪዎች «እናድምቀው» ብለው የሚጨምሩት ኮርድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሾልኩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በትዝታ ሜጀር ውስጥ ያለ ስጋት የምትሠሩባቸው ሙሉ ኮርዶች ሁለት ናቸው፦ 60፣ 64፣ 67 እና 69፣ 72፣ 76። ከዚያ ውጭ የምትጨምሩት ኮርድ ዜማውን ወደ ሌላ አገር እንዳይወስደው በጆሯችሁ መዝኑት።

ክራር እንዲመስል ከረዥሞቹ ኖታዎች በፊት ጎረቤቷን አጭር ኖታ፣ 60 ቲክ ገደማ የምትሆን፣ በ50 ጉልበት አስገቡ። ለምሳሌ ከ67 በፊት 69ን። ለዋሽንት ከሆነ ከጉልበት ይልቅ ኮንትሮል 11 የሚባለውን የአገላለጽ መስመር በእያንዳንዱ ረዥም ኖታ ላይ ወጣ ገባ አድርጋችሁ ሳሉት፤ ትንፋሹ ከእሱ ነው የሚመጣው።

አንቺሆዬና ማሲንቆ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። የኪቦርድ ቁልፎች በእኩል የተከፈሉ ናቸው፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ግን ከቁልፎቹ መሐል ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያወጣው ፒች ቤንድ ነው። ከ0 እስከ 16,383 ይሄዳል፣ መሐሉ 8192 ነው፤ መሣሪያው በተለመደው ሁለት ሴሚቶን ክልል ላይ ከሆነ አንድ ሳንቲም፣ ማለትም የሴሚቶን መቶኛ፣ ወደ 41 ነጥብ ነው። አንድን ኖታ በ25 ሳንቲም ለማውረድ ከመሐሉ 1025 ያህል ዝቅ ትላላችሁ። የምትወዱት ተጫዋች ቀረጻ ላይ ኖታው የት እንደሚያርፍ ስሙና ያንን ፈልጉ። ፒች ቤንድ በቻናሉ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጣምም የማሲንቆው መስመር ለብቻው በአንድ ትራክ ላይ፣ አንድ አንድ ኖታ ብቻ ይሁን። ኖታው ሲያልቅ ወደ 8192 መመለስን አትርሱ፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ዜማ በሙሉ ከቅኝት ውጭ ይሄዳል።

ድምፅ ካልወጣ

በቅደም ተከተል እዩ፦ ትራኩ ላይ ቀዩ የቀረጻ ቁልፍ በርቷል? ግብዓቱ ሚዲ ላይ ነው ወይስ ማይክ ላይ? የማዳመጫው «ሞኒተር» በርቷል? መሣሪያ ተጭኗል? ኖታው መሣሪያው ድምፅ ባለው ክልል ውስጥ ነው? ዘጠና ከመቶው እዚህ ያልቃል። ድምፁ ሁለት ሁለት ሆኖ ከመጣ የኪቦርዱ ራሱ ድምፅ አብሮ እየወጣ ነው፤ ኪቦርዱ ውስጥ «ሎካል ኮንትሮል» የሚለውን አጥፉት ወይም ቮሊዩሙን ዝጉ። ላፕቶፑ ከደከመው የጨረሳችሁትን ትራክ በቀኝ ማውስ ነክታችሁ ፍሪዝ አድርጉት፤ ወደ ድምፅ ይቀየርና መሣሪያው ያርፋል፣ ስትፈልጉ ይመለሳል።

ለዘፋኝ መላክ

ፋይሉን ለሚዘፍንላችሁ ወይም ለሚክስ ባለሙያ ስትልኩ ሁለት ነገር ላኩ። አንደኛው እያንዳንዱ ትራክ ለብቻው በ24 ቢት ዋቭ፣ ሁሉም ከ1ኛው ባር የሚጀምር። «ኮንትሮል»፣ «ኦልት» እና «አር» ስትጫኑ በሚከፈተው መስኮት የተመረጡ ትራኮችን ለየብቻ የሚያወጣውን ምረጡ። ሁለተኛው የሚዲ ፋይሉ ነው፤ ከ«ፋይል» ሜኑ ይወጣል። በፋይሉ ስም ላይ ቅኝቱን፣ መነሻ ኖታውንና 165 መሆኑን ጻፉ፤ በሩብ ኖታ የተቆጠረ መሆኑንም ጨምሩ።

ዘፋኟ «ለኔ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሁለት ዝቅ አድርግልኝ» ካለች ደስ ይበላችሁ፤ ለሚዲ ይህ የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው። የቤዙንና የክራሩን ኖታዎች በሙሉ መርጣችሁ ሁለት ሴሚቶን ታወርዳላችሁ። የከበሮውን ትራክ ግን አብራችሁ እንዳትመርጡ፤ 38 ወደ 36 ይወርድና ጠባቡ ገጽ በሰፊው ይመታል፣ 36 ደግሞ ወደ 34 ወርዶ ጭራሽ ዝም ይላል።